«ብሪስክ» ተባልኩ፤ ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ?

የጠዋት_ፈረቃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በረዳት ነርስነት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትናንት የዓመቱ የሥራ ግምገማዬ ተሰጠኝ። አብዛኛው ጥሩ ነው። ሰዓት ማክበር፣ ንጽሕና፣ መዝገብ አያያዝ፣ ሁሉም ላይ ጥሩ ነጥብ አለኝ። ከሥር ግን አለቃዬ በእጅ ጽሑፏ አንድ መስመር ጨምራለች። ወደኛ ቋንቋ ስመልሰው «ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ከነዋሪዎቹ ጋር ብሪስክ ናት» ይላል።

የስልኬ መተርጎሚያ «ፈጣን» አለኝ። ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ዘጠኝ አረጋውያን አጥቤ፣ አልብሼ ለቁርስ የማደርሰው እኔ ነኝ። ባልፈጥን ማን ይደርስልኛል? ከዚያ አብራኝ የምትሠራ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ወረቀቱን አየችው። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «ጥሩ ነው» አለችኝ። አባባሏ ግን ጥሩ አልነበረም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

እንግሊዝኛ በደንብ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። ቀልጣፋ ማለት ነው? ችኩል? ወይስ እኔ ያልገባኝ ሌላ ነገር አለው?

ነጋዴው_አትላንታ

እህቴ አትጨነቂ፤ ምስጋና ነው። ቀልጣፋ ብለውሻል። እንኳን ደስ አለሽ።

ነርስ_ዳላስ

እኔ ይህን ቃል በየፈረቃዬ እጽፈዋለሁ። የበሽተኛን ዓይን በባትሪ ስናይ ብሌኑ ብርሃኑ እንዳረፈበት ቶሎ ከጠበበ «ብሪስክ» ብለን እንመዘግባለን። እየተጎተተ ከጠበበ «ስላጊሽ» ነው፤ ያኔ ሐኪም ይጠራል። ጥፍር ተጭነን ስንለቅ ደሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰም ብሪስክ እንላለን። ስለዚህ ቃሉን ስሰማ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው «ሕይወት አለ» የሚል ነው። ዝም ብሎ መፍጠን አይደለም። ሲነኩት ወዲያው የሚመልስ፣ የነቃ ነገር ነው።

ግን ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ጉልበት በትንሿ መዶሻ ሲመታ እግር የሚወነጨፈው ነገር ከ0 እስከ 4 ይመዘናል። 2 ጤነኛ ነው። ብሪስክ የምንለው 3 ሲሆን ነው፤ ከተለመደው በላይ ነቅቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው እንዲያ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ፣ ወይም አንጎልና አከርካሪ ላይ ችግር ሲኖር ይመጣል። ደም በኃይል ሲፈስም ብሪስክ ይባላል። ያንን ስንሰማ ሁላችንም እንሮጣለን።

ሰው ላይ ሲነገር ምን እንደሚሆን ግን ቋንቋውን የተማሩት ቢነግሩሽ ይሻላል።

የጠዋት_ፈረቃ

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እኔም መዝገብ ላይ አይቼው አውቃለሁ፤ የሐኪም ቤት ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን የባሰ ግራ ገባኝ። እኔ 2 ነኝ ወይስ 3?

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ ብዙ አልገጠመኝም። ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ብቅ ያለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከፈረንሳይኛው «ብሩስክ» ሳይመጣ አልቀረም ይባላል። ፈረንሳዮቹ ደግሞ «ብሩስኮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ወስደውታል። ብሩስኮ ኮምጣጣ ማለት ነው። ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ ወይን ጠጅ ብሩስኮ ይባል ነበር። ከዚህ ብትጀምሪ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል። ኮምጠጥ ያለ ነገር ያነቃል። በልኩ ሲሆን ምራቅ ያመጣል፣ ደስ ይላል። ሲበዛ ፊት ያስጨማድዳል።

እንግሊዞች ይህንን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የወሰዱት። የመጀመሪያው ብሪስክ ሆነ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የገባው ግን የፈረንሳይኛ መልኩን እንደያዘ ብሩስክ ተብሎ ቀረ። ይህኛው ዛሬ ቁርጥ አድርጎ የሚመልስ፣ ለሰው ስሜት ግድ የማይሰጠው ሰው መጠሪያ ነው። ግልጽ ወቀሳ ነው። ያንቺው ብሪስክ የእሱ ወንድም ነው። ጠባዩ ይሻላል፤ ደማቸው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ቃሉ ከምን ጋር እንደገባ እዪ። ስለ እርምጃ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ማለዳ አየር ሲነገር ምስጋና ነው። «ከነዋሪዎቹ ጋር» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያቺ «ጋር» ናት ሁሉን የምትለውጠው። የተነገረው ስለ እጅሽ ፍጥነት አይደለም፤ ስለ አቀራረብሽ ነው። «ጊዜ አታባክንም፤ ለጨዋታም ቦታ አትተውም» ወደሚለው ይጠጋል። ወቀሳ ነው ብዬ አልፈርድም። ለስለስ ያለ ማሳሰቢያ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የምታውቀው የጻፈችው ሴት ናት። ጠይቂያት።

ነጋዴው_አትላንታ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እኔ ሱቅ አለኝ። ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰውዬ በመጣ ቁጥር «ቢዝነስ ብሪስክ ነው?» ይለኛል። ገበያው ደርቷል ወይ ማለቱ ነው። ገበያ ደራ ስንል ደግሞ ፈጠነ ማለታችን አይደለም። ሰው በዛ፣ ድምፅ በዛ፣ ዕቃው ተቸበቸበ፣ ነገሩ ሞቀ ማለታችን ነው። መርካቶ በበዓል ዋዜማ እንደማለት። እዚህ ውስጥ ኮምጣጣ ነገር የታለ? ልጅቷን ባናስጨንቃት ጥሩ ነው።

ጡረተኛው_መምህር

ወንድሜ፣ «ደራ» ያልከው ልብ የሚያሳርፍ ትርጉም ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አላሰብኩትም ነበር። ተማሪዎቼን «ፈጣን ንግድ» እያልኩ ነበር የማስጽፋቸው፤ አሁን ሳስበው ምንም አይመስልም። የደራ ገበያ፣ ይኸው ተስተካከለ። በሌላው ግን በሐሳቤ እጸናለሁ። ገበያ ስሜት የለውም። ሰው ግን አለው።

ሻይ_ቀማሽ

ኮምጣጣው ላይ ልግባ፤ የእኔ ሙያ ነው። ከፋ ውስጥ በሻይ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ሠርቻለሁ። የሻይ ቀማሾች የጋራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ብሪስክ ደግሞ በየቀኑ ከምንጠራቸው ቃላት አንዱ ነው። ብሪስክ ሻይ አፍ ውስጥ የሚነቃ፣ ምላስና ድድን ጨመቅ አድርጎ የሚለቅ ሻይ ነው። ተቃራኒው «ፍላት» ወይም «ሶፍት» ይባላል። እኔ በአማርኛ የሞተ ሻይ ነው የምለው።

እንዴት ይሞታል? ቅጠሉ ከተቀጠቀጠ በኋላ አየር እየነካው ከአረንጓዴ ወደ መዳብ ቀለም የሚሄድበት ሰዓት አለ። ቲያፍላቪን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ያኔ ነው። ያንን ንቃት የሚሰጠው በአብዛኛው እሱ ነው። በጊዜው ወደ ማድረቂያው ካልገባ ያ ንጥረ ነገር ራሱ ተለውጦ ይጠፋል። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ይተኛል። ስለዚህ ቀማሹ «ብሪስክ» ካለ ሰዓቱን ይዘነዋል ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ ያንን ቃል በሰማሁበት ቀን ቤቴ ደስ ብሎኝ ነው የምገባው።

ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ስኒ ውስጥ ያለ ሻይ ምን ፍጥነት አለው? ቃሉ ስለ ሕይወት ነው። ግን መምህሩ ያሉት ቁንጥጫም አለበት። ቁንጥጫ ከሌለው ብሪስክ አይባልም። መራራ ከሆነም አይባልም፤ ለመራራ ሌላ ቃል አለ። እኛ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምረን ስኳር ስለምናበዛበት ይህን ቁንጥጫ ብዙዎቻችን አናውቀውም። አንድ ቀን ጥሩ ሻይ ያለ ምንም ሞክሩት።

ሂውስተን_77

ይቅርታ፣ እዚህ ቴክሳስ በጣም የሚወደደው ብሪስኬት ከዚሁ ቃል ነው እንዴ?

ጡረተኛው_መምህር

አይደለም። እሱ የእኛው ፍርምባ ነው። «ለስላሳ አጥንት» ከሚል የሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ቃል እንደመጣ ይገመታል። መመሳሰላቸው የአጋጣሚ ነገር ነው።

ነታንያ_ልጅ

እኔ እስራኤል ነው ያለሁት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ግን ይኼው ቃል በዕብራይስጥ እናቴን አስቸግሯት ነበርና ላካፍላችሁ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት። ሐኪሟ «ሃሊኻ ኒምሬጼት» አድርጊ አላት። ሃሊኻ መራመድ ነው፤ ያ ገባት። ኒምሬጼት የሚለውን ግን እኔም ዝም ብዬ «ጥሩ የእግር ጉዞ» ብዬ ተረጎምኩላት። ሦስት ወር ሙሉ በየማታው ከጎረቤቶቿ ጋር ወጣች። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀስ እያሉ፣ እያወጉ፣ በየአግዳሚው ወንበር እያረፉ። ልክ አዲስ አበባ ወጣቶቹ «ወክ እናድርግ» እንደሚሉት። ስኳሯ ፈቀቅ አላለም።

ሐኪሙ ሲጠይቃት ነው የነቃነው። የፈለገው በእንግሊዝኛ «ብሪስክ ዎኪንግ» የሚሉትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ሲል ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ እሱ ነው። ሐኪሙ መለኪያውን ነገራት። እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ፣ ያ ነው። መዝፈን ከቻልሽ ዝግ ብለሻል። ማውራትም ካቃተሽ አብዝተሻል። በእርምጃ ከተቆጠረ በደቂቃ 100 ገደማ ይሆናል።

እናቴ ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እንዲህ አትለኝም ኖሯል! ስጥ አስጥታ ደመና ያየች ሴት አካሄድ ነዋ!» አለችኝ። አገር ቤት እህል ያስጣ ሰው ያውቀዋል። ሩጫ አይደለም፤ ትልቅ ሴት አትሮጥም። ግን እግሯ መሬት አይደክምበትም፣ ልቧ ቤት ቀድሟታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳያስረዳት በልኩ ትሄዳለች።

ነርስ_ዳላስ

የእናትህን ትርጉም ነገውኑ ለሐበሻ በሽተኞቼ እነግራቸዋለሁ። እኔ «ፈጠን ያለ እርምጃ» እያልኩ ነበር፤ ሶምሶማ ነው የሚመስላቸው። አንድ አባት ጉልበታቸውን ጎድተው መጥተዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ጡረተኛው_መምህር

ያቺ እናት ከኔ ይልቅ አስተማሪ ናቸው። ልክ ነው፣ ብሪስክ የመጨረሻው ፍጥነት አይደለም። ጣሪያ አለው። «ፈጠን ያለ» የሚለው አማርኛችንም እንዲያ ነው። ፈጣን፣ ሞቃት፣ ቀዝቃዛ ስንል ሙሉ በሙሉ ነው። ፈጠን ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ስንል ግን ልክ እናበጅለታለን። ስለዚህ ቅርጹ ጥሩ ነው። የሚጎድለው ንቃቱ ነው፤ ሰዓት የረፈደበት ሰውም ፈጠን ይላል፣ ያ ብሪስክ አይደለም። «ቀልጠፍ ያለ» ይሻላል ብዬ አስብ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለእጅ ሥራና ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት ሄዷል።

የወታደር_ልጅ

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ቃል ግን ማንም አላነሳም። ቆፍጠን።

አባቴ ወታደር ነበር። ልጅ ሆነን ተጎልተን ሲያገኘን «ቆፍጠን በሉ!» ይለን ነበር። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ስትጠየቅ ወዲያው መልስ፣ ሥራህን ጀምረህ ጨርስ፣ ወሬ አታብዛ ማለት ነው። ቆፍጣና ሰው ፈጣን ነው፤ ግን አይቻኮልም። ንቁ ነው፣ ቃሉ አጭር ነው። ስድብ አይደለም፣ ሰው ይኮራበታል። እኔ የሚመስለኝ አለቃሽ የጻፈችው እሱን ነው።

አሁን ልብ በዪ። ሰልፍ ላይ ቆፍጠን ማለት ያምራል። ሥራ ላይ ያምራል። ለቅሶ ቤት ግን ቆፍጠን ብሎ የሚገባ የለም። የታመመ አያት አጠገብም እንደዚያው። አባቴ ራሱ እናቱ ጋ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጉልበቷን ስሞ ይቀመጣል። ቃሉ ጥሩ ነው፣ አንቺም ጥሩ ነሽ። ቦታው ነው።

የጠዋት_ፈረቃ

ወንድሜ፣ «ለቅሶ ቤት» ያልከው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። አለቃዬን ነገ እጠይቃታለሁ።

እስከዚያ ጋሼን አንድ ልጠይቅዎ። አንድ ነዋሪ አሉን፣ 91 ዓመታቸው። በመደገፊያቸው ኮሪደሩን ሱክ ሱክ እያሉ በቀን ስድስት ጊዜ ይዞሩታል። ባልደረቦቼ «ስፕራይ» ይሏቸዋል። ሰውዬው ግን ሲሰሙት ደስ አይላቸውም። ይህስ ምን ነውር አለው?

ጡረተኛው_መምህር

ነውር የለውም፤ ግን ውስጡ የተደበቀ ነገር አለ። ስፕራይ ንቁና ቀልጣፋ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚነገረው ለትልቅ ሰው ነው። የ20 ዓመት ልጅ ስፕራይ ሲባል አትሰሚም። ስለዚህ በቃሉ ጀርባ «ለዕድሜው» የሚል ነገር አለ። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይሄዳሉ?» እንደማለት ነው። አዛውንቱ ያንን ነው የሚሰሙት። በኛ ባህል ለአንድ አባት ይህን ፊት ለፊት አንናገርም። «አሁንም ጠንካራ ነዎት» እንላለን፤ ወይም እግዜር ጤናውን ያቆይልን እንላለን።

«ስፕራይትሊ» የሚባልም አለ፤ እሱ ሞቅ ያለ ነው። ሥሩ መንፈስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። መንፈስ ያለበት፣ የማይጫን። ለሙዚቃም፣ ለጨዋታም፣ ለሕፃንም ይሆናል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሁላችንም የምናውቀው «ኩዊክ» ነው። ዛሬ በአብዛኛው ፈጣን ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ሕያው ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብትከፍቺ፣ እኛ «በሕያዋንና በሙታን» የምንለው ቦታ ላይ ሕያዋን የሚለው ቃል ኩዊክ ነው። ባዜቃን «ሕያው ብር» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ጠብ ሲል ነፍስ እንዳለው ስለሚሮጥ። ከጥፍር ሥር ያለው፣ ሲነካ የሚያመው ሥጋም ኩዊክ ይባላል። መጀመሪያ ሕይወት ነበር፤ ሕይወት ያለው ስለሚንቀሳቀስ መንቀሳቀስ ሆነ፤ ከዚያ ፍጥነቱ ብቻ ቀረ። ሕይወቱ ከቃሉ ወጣ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የሙዚቃው «አሌግሮ» እንኳ በጣሊያንኛ ደስተኛ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ሙዚቀኛው ከወረቀቱ ላይ የሚያነበው ፍጥነቱን ነው። በእኔ ስሜት ብሪስክ እስካሁን ሁለቱንም እንደያዘ ነው። ስለዚህ ነው የምወደው።

ነርስ_ዳላስ

ጋሼ፣ ልጨምርልዎት። ነፍሰ ጡር ሴት ፅንሷ መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ የሚሰማት ነገር እስከ ዛሬ «ኩዊክኒንግ» ነው የሚባለው። አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው የሚሰማት። ስማር ለምን «መፍጠን» አሉት ብዬ ገርሞኝ ነበር። ሕያው መሆን ማለታቸው ነው ለካ።

ጡረተኛው_መምህር

ይኼን አላውቀውም ነበር። ዛሬ ተማርኩ።

የጠዋት_ፈረቃ

ተመልሻለሁ። አለቃዬን አነጋገርኳት።

መጀመሪያ ደነገጠች። ቃሉ እንዳስጨነቀኝ አላወቀችም። «ሁለቱንም ነው ያልኩት» አለችኝ። ሥራዬ ላይ ምስጋና ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ያየችውን ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ ያሉት እናት 88 ዓመታቸው ነው፤ የመርሳት ሕመም አለባቸው። እኔ ገባሁ፣ መጋረጃ ከፈትኩ፣ ብርድ ልብስ ገፈፍኩ፣ እጃቸውን እጅጌ ውስጥ አስገባሁ። ሁሉም በትክክል። ግን ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው፣ ደህና አደሩ ሳልላቸው። «እጅሽ ደግ ነው፤ ድምፅሽ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

በጣም ከፋኝ። ምክንያቱም እውነት ነው። ከእናቴ ክፍል እንዲህ ገብቼ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ነግሬያታለሁ፤ እናንተም እወቁልኝ። ዘጠኝ ሰው ለአንድ ረዳት ሰጥቶ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ሁሉም ቁርስ ላይ ይድረሱ ብሎ፣ ከዚያ ለምን ትቸኩያለሽ ማለት ልክ አይደለም። ያ ሰዓት ነው ድምፄን የወሰደው። ዝም ብላ ሰማችኝ። ለበላዮቿ አቀርበዋለሁ ብላለች። እናያለን።

ነርስ_ዳላስ

ደግ አደረግሽ። የሰው ማነሱን መናገር አለብሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ግን እኔን የጠቀመኝን ልንገርሽ። ከመግባቴ በፊት በሩን ሁለቴ እነካለሁ። ስማቸውን እጠራለሁ፣ ስሜን እነግራቸዋለሁ። ዓይናቸው እስኪያገኘኝ ጎንበስ እላለሁ። ከዚያ ምን ልሠራ እንደሆነ አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ «አሁን ቀኝ እጅዎን» እያልኩ። እጄ ግን አይቆምም። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው የተነገረውን ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ያቺን ጊዜ ከከለከልሽው ይደነግጥና ይታገልሻል፤ ያኔ አሥር ደቂቃ ይሄዳል።

ነጋዴው_አትላንታ

እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ብዬ «ምስጋና ነው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ልብሽን ላሳርፍ ብዬ ነው። ጋሼ ያሉት ቀርቦ ተገኘ። ጠይቀሽ መረዳትሽ ደስ ብሎኛል።

የጠዋት_ፈረቃ

ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። በሩን ነካሁ፣ ስማቸውን ጠራሁ፣ መጋረጃውን ሳልከፍት አልጋው አጠገብ ጎንበስ አልኩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ስሜን አልያዙትም። ቀሚሱን ሳነሳ ግን እጃቸውን ራሳቸው ወደ እጅጌው ዘረጉልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ቁርስ በ7 ደቂቃ ዘገየ። ማንም ምንም አላለም።